ከዘፈኑ ሥር

ሰፈሩ ሁሉ «ቆይ» ብሎ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሃያ አራት ዓመት የሰው ሠርግ ሲቀርፅ፣ ሙሽራው ኬክ ሊቆርስ ሲል «ቆይ!»፣ ሚዜዎቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ «ቆይ፣ ቆይ!»፣ የሙሽሪት እናት ልታለቅስ ስትል እንኳ «ቆይ እማማ፣ መብራቱን ላስተካክል» እያለ እንባን በቀጠሮ ሲያስፈስስ ኖሯል። ለአንዱም ለብዙውም፣ ለትንሹም ለትልቁም ያቺው አንዲት «ቆይ» ናት። የአፉ ቃል ስሙ ሆኖ ቀረ። ሌላውን ሲያስቆም ሲያስቆም እሱም ባለበት ቆመ።

የሚሠራው ከደረጃ ሥር ባለች ክፍል ነው። ጣሪያዋ ደረጃው ራሱ ስለሆነ በበሩ በኩል ሰው ቀጥ ብሎ ይገባባታል፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ወንበሩ ያለው ደግሞ ጎንበስ በሚባልበት በኩል ነው። አንዲት መስኮት ነበረቻት። ብርሃኑ ስክሪኔን አበላሸው ብሎ በጥቁር ጨርቅ ጋረዳት፤ ጨርቁን በሚስማር መታው፤ ከዚያ የካሴት መደርደሪያ አስጠጋባት። እዚያ ቤት መስኮት እንደነበረ አሁን የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። በመደርደሪያው ላይ የሰው ደስታ ቀን ቀኑ በጀርባው ተጽፎ ተደርድሯል። የራሱ የለበትም። «ቆይ» ሲላት ቆይታ ቆይታ የሄደች አንዲት ልጅ ነበረች ይባላል፤ እሱ ግን ስሟን አንስቶ አያውቅም።

ከራሱ በላይ ታላቅ እህቱ ትኖራለች። እትዬ ይላታል። ፊቷን ሳያይ ኮቴዋን ሰምቶ ብቻ የዕለቱን አየር ያውቃል፦ ቀስ ብላ ከወረደች ሰላም ነው፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ከወረደች ለሱ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ላይ ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። በመሐረብ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የክብሪት ሳጥን የምታክል ካሴት ናት። ጀርባዋ ላይ በራሱ የልጅነት ጽሕፈት «የእትዬ ሠርግ» ይላል።

«ይቺን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባልኝ። ቅዳሜ ልጄ ስትዳር በትልቁ ስክሪን አያቷን ትየው።»

«እትዬ፣ ይሄ ካሴት እኮ አርጅቷል።»

«እኔስ? እኔ ኮረዳ ነኝ?»

«ቆይ፣ ልንገርሽ...»

«አልቆይም! ሃያ አራት ዓመት ቆየሁ። ድምፁን አንተ ቀብረኸዋል፤ መልኩን እንኳ አውጣልኝ።»

ነገሩ እውነት ነው። የእትዬ ሠርግ የመጀመሪያ ሥራው ነበር፤ ካሜራው ገና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። አባታቸው ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ረጅም ምርቃት መረቀ። ቆይ ግን ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ከምርቃቱ ጀምሮ እስከ ካሴቱ መጨረሻ ድረስ ዘፈን ጫነበት። ያን ጊዜ ፋሽን ነው፤ ዘፈን ያልተጫነበት ሠርግ ራቁቱን የወጣ ይመስል ነበር። አባት ዓመቱ ሳይዞር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ካሴቷ በታየች ቁጥር አባባ አፉን ይከፍታል፣ ከአፉ የሚወጣው የዘፋኝ ድምፅ ነው። ለዘፈን ያበቃው ፋሽኑ ብቻ እንዳልነበረ ደግሞ ቆይ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ካሴት ማስገባት እንደ ፋይል መገልበጥ አይደለም። ካሴት በራሱ እርምጃ ነው የሚሄደው፤ የአንድ ሰዓት ሠርግ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ይጠብቁታል። በዚያች ሰዓት ቆይ ሕግ አለው፦ ደረጃው ላይ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይወርድም። ካሴቱን የሚያጫውተው ካሜራ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከደረጃው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ አንድ ኮቴ ባረፈ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም «የጠፉ ፍሬሞች» ከሚለው አጠገብ ቁጥር ይጨምራል። ፍሬም የሰከንድ ሽራፊ ናት፤ ጠፋች ብሎ የሚያለቅስላት ሰው የለም። ቆይ ግን ዜሮ ካላየ ምግብ አይወርድለትም።

በመጀመሪያው ሙከራ እትዬ ከነቬሏ ከበር ስትወጣ ፊቷ እንደ ወለል ንጣፍ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተሰነጣጠቀ። ካሴቱን የሚያነበውን የካሜራውን ራስ በማጽጃ ካሴት ጠረገው። በሁለተኛው ፊቷ ዳነ፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ዳር ዳሩ የማበጠሪያ ጥርስ አወጣ። ይሄንንስ ያውቀዋል፤ ካሴቱ አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚይዘው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ሁለቱን አላጋባም ብሎ ነው። ምርጫው ውስጥ ገብቶ አጋባቸው። በሦስተኛው አባባ ለምርቃት ሲነሳ፣ እጁን ገና ከፍ ሲያደርግ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። በአራተኛውም እዚያው። በአምስተኛውም እዚያው። አባባ እጁን ያነሳል፤ ሰማያዊ። እጁን ያነሳል፤ ሰማያዊ።

«ምን ሆንክ አባባ? ተቀይመኸኛል እንዴ?» አለ ቆይ ለስክሪኑ።

ገመድ ቀየረ። ሌላ የተከፈተ ፕሮግራም ካለ ዘጋ። ካሴቷን ከዳር እስከ ዳር አጠንጥኖ መለሳት። ክፍሉ ሞቀ፤ በሩን እንዳይከፍት የኮሪደሩ ግርግር አለ፤ መስኮቱን እንዳይከፍት መስኮት የለም። ወገቡን ሊያፍታታ ሲነሳ ጭንቅላቱ እንደ ልማዱ ደረጃውን መታው። ተመልሶ ተቀመጠና የሚያንጎራጉራትን አንጎራጎረ፦

ምስሉም ቀደመና ድምፁ ቀረ ኋላ፣
እንደኔ ሰው የለም ከራሱ ሚጣላ።

እያንጎራጎረ ሳለ ዓይኑ መደርደሪያው አናት ላይ ሄደ። ያ የመጀመሪያው ካሜራ፣ አቧራ ለብሶ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ ተቀምጧል። «የጻፈው እጅ ያንብበው» አለና አወረደው። ካሴቷን አጎረሰው። አሮጌው ካሜራ ጥርሱን እንዳፋጨ ሽማግሌ ትንሽ አጉረመረመና መራመድ ጀመረ። አባባ እጁን አነሳ። ሰማያዊ የለም። እጁን ዘረጋ።

ምርቃቱ እስኪያልቅ ቢጠብቅም ዘፈኑ ግን አልገባም።

ቆይ ተናደደ። አንዱን ሲደፍኑት አንዱ ይቀደዳል! በድምፁ መስመር ላይ ዘፈን ቢኖር ተራራ ተራራ ይሆን ነበር፤ የሚታየው ግን የጉንዳን መንገድ የሚያህል ነገር ነው። ይሄም ብልሽት ነው ብሎ፣ ምን ዓይነት ጫጫታ እንደሆነ ሊለይ የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞረው።

«ቆይ አባባ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው!» የሚል የጎረምሳ ድምፅ ክፍሏን ሞላው።

የራሱ ድምፅ ነው። ደንግጦ ካሴቷን አቆማት።

ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። ያን ጊዜ የካሜራውን መመሪያ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ነበር ያነበበው፤ ዘፈን ለመጫን የሚያስችል ሁለት ፎቅ ያለው የድምፅ አቀራረፅ አለ ይል ነበር፣ እሱንም መርጦ ነበር። ግን ልጅ ሆኖ የሚያውቀው የቤታቸውን ቴፕ ነው፤ በቴፕ ላይ አዲሱ ሲቀዳ የድሮው ይጠፋል። ይሄም እንደዚያው መሰለው። ለካ ዘፈኑ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የገባው። ካሜራው ሲያጫውት ላይኛውን ብቻ እንዲያሰማ ተደርጎ ቀርቶ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያን ምርጫ የነካው የለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ላይኛውን ማንበብ ስለማያውቅ ምድር ቤቱን ብቻ ይዞ መጣ።

አውቃለሁ ያለው ነገር ጎዳው፣ የማያውቅ ማሽን ካሰው።

ደስታው ግን ትንፋሽ ሳይወስድ በፍርሃት ተያዘ። ዘፈኑን ለምን እንደጫነ አሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። አባባ ሙሽሮቹን መርቆ ሲጨርስ ዞር ብሎ፣ በካሜራው በኩል፣ «አንተስ? ያቺን ካሜራ አስቀምጥና ና እንጂ፣ አንተንም ልመርቅ» ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቆይ» አለው፤ ካሜራውን ሳያጠፋ በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ አዲስ ካሴት ሊያመጣ ሮጠ። ሲመለስ አባባ ተቀምጦ ነበር። በኋላ፣ በሳምንቱ፣ ያን «ቆይ» ሲሰማው አፈረና ቀሪውን ሳይሰማ ዘፈን አለበሰው። ወዲያው ምርቃቱን ሊቀበል አስቦ ነበር፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ የሚቀጥለው ሠርግ ሲያልቅ።

ከላይ ዘፈን ጭኜ ከሥር ቃል ቀብሬ፣
ቆፍረኝ ይለኛል ይኸው እስከ ዛሬ።

አሁን መቁረጫው በእጁ ነው። ከ«አንተስ?» ላይ ቢቆርጠው ማን ያውቃል? እትዬ የአባቷን ቃል ታገኛለች፣ እሱም ነውሩን ይዞ ይቀራል። ጣቱን መቁረጫው ላይ አሳረፈ። ደግሞ አነሳው። ለመቁረጥም ለመስጠትም በመጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ንጹሕ ቅጂ ያስፈልገዋል፤ ድምፁ ከአባባ ከንፈር እየራቀ ነውና። የፕሮግራሙን የድምፅ መለኪያ ከካሴቱ ጋር አስተካከለ፤ ካሴቷን መልሶ ከመጀመሪያው አስነሳት፤ ድምፁን እንዳለ ከፍቶ ተወው። የጠፉ ፍሬሞች፦ ዜሮ።

አሁን ቃሉና ከንፈሩ ገጠሙ። «ልጄ፣» ይላል አባባ ለእትዬ፣ «የገባሽበት ቤት በርሽን ሳይሆን ሳቅሽን ሰምቶ ይወቅሽ...»

ከላይ አንድ ነገር ወደቀ። ሳህን ነው የሚመስለው። ከዚያ ደረጃው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ሁለት አይደለም፣ ሦስት ሦስት።

«እትዬ! ቆይ! እየገባ ነው! ደረጃውን...!»

በሩ ተበረገደ። እጇ እርጥብ ነው፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም።

«ማነው?» አለች።

የጠፉ ፍሬሞች፦ አንድ።

«ማነው እኮ ነው የምልህ?»

«አባባ ነው፣» አለ ቆይ። «ከዘፈኑ ሥር ነበር።»

እሷም ጎንበስ አለች፤ ወንበር ስለሌለ የካሴት ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ አባታቸውን ሰሙ። አንዴ «ዘፈኑ ይሻል ነበር፣ ምርቃቱ ረዘመ» ብላ ሳቀች፤ እንባዋ ግን ሽርጧ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቆይ አልሳቀም። የሚመጣውን እየቆጠረ ነው።

«አንተስ?» አለ አባባ። «ያቺን ካሜራ አስቀምጥና ና እንጂ...»

«ቆይ አባባ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው!»

ቆይ ዓይኑን ጨፈነ። ካሴቱ ቀጠለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቤተሰቡ ሁሉ በልቡ ያውቀዋል፤ «የአባባ አፍንጫ» ይሉታል። ሰው በሌለበት ካሜራ ፊት አባባ ቀርቦ፣ ቀርቦ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሞልቶ ሌንሱን ሲመረምር፤ ከኋላው ዘፈን፤ ልጆች በሳቅ ሲፈርሱ። ለሃያ አራት ዓመት የተሳቀበት አፍንጫ አሁን ያለ ዘፈን መጣ። ከሥሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«ይሄ ነገር ይሰማል?» አለ አባባ፤ በጣቱ ማይኩን ነካ፣ ድው ድው አለ። «እ... ልጄ። ቆይ ካልክ እንግዲህ እዚሁ ልተውልህ፣ ስትመጣ ትሰማዋለህ። ዓይንህ ጥሩ ነው፤ እኔ ያላየሁትን ታያለህ። እግዜር ይባርክህ። ግን የሰው ደስታ በቀዳዳ ሲያዩ መኖር ልማድ እንዳይሆንብህ። ከዚህ ነገር ኋላ ውጣ። ውጣና...»

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ካሴቷ አልቃለች።

ቆይ ካሴቷን አዙሮ ሊያጫውት እጁን ዘረጋ፤ ግን ካለቀ ካሴት ምን ይወጣል? የዚያን ዓረፍተ ነገር ጭራ ሊይዝ የሚችለውን አዲሱን ካሴት፣ ያን ጊዜ እሱ ይዞ እየሮጠ ነበር።

«ውጣና ምን?» አለ። ድምፁ የጎረምሳውን ድምፅ ሆነ። «እትዬ፣ ምን ሊለኝ ነበር?»

እህቱ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። የአባቷ አፍንጫ ነው፣ አንድ ነው።

«ታውቀው የለም? ውጣና ብላ ነው የሚለው። አባባ ከዚያ ሌላ ምን ይል ነበር?» ጎንበስ ብላ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። «ቅዳሜ ከነአፍንጫው፣ ከነ ቆይህ ይታያል። አንዲት ነገር ብትቆርጥ ውርድ ከራሴ!»

«አንድ ፍሬም ጠፍቷል፤ አንቺ ስትወርጂ ነው። እንደገና ካላስገባሁት...»

«ምሳ ቀርቧል እልሃለሁ።»

«ቆ...» አለ።

እህቱ በሩን እንደያዘች ዞራ አየችው። የኮሪደሩ ብርሃን በጎኗ አልፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ካሴቷ ላይ፣ እጁ ላይ አርፏል።

ያቺን ቃል ዋጣት። ጎንበስ ብሎ ተነሳ፤ ጭንቅላቱን ደረጃው መታው፤ እያሻሸ ወጣ።