በቤታችን የታመመ የለም

ከድሬ የወጣሁበት ምሽት ሙቀቱ ለጉድ ነበር። የእናቴ ወንድም ጋሽ ተስፋዬ ሻንጣዬን ይዞልኝ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሲሄድ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። «ምች መትቶት ነው» አለች እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ጋሽ ተስፋዬ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው፤ እኛ ቤት ግን ይህ አይወራም።

እኔ የሄድኩት ሐኪም ልሆን ነበር። ኪየቭ ስደርስ የሰው ዘር ውርስ ጥናት ደረሰኝ፤ እነሱ ጄኔቲካ ይሉታል። አቤት ብል የተማሪዎች ተጠሪያችን፣ «ጓዲት፣ አብዮቱ የሰጠሽን ነው የምትማሪው» አለኝ። ምግቡ ግሬችካ የሚሉት ጥቁር ቅንጬ ነው፣ ጠዋትም ማታም! የመጋላ ገበያ ፉል ትዝ ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ብርዱስ? ጥላ ፍለጋ ስሮጥ ያደግሁት ልጅ ፀሐይ ስፈልግ መዋል ጀመርኩ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የየቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ሣሉ ተባልን። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ይጠቁራል። ለእናቴ ጻፍኩላት። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፤ ገጹ ሙሉ ሰላምታ ነው። መጨረሻው ላይ፣ «አያትሽ ያረፉት ቀናቸው ደርሶ ነው። በቤታችን የታመመ የለም» ይላል። እኔም እንዳለችው ሣልኩት።

መምህሯ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«አንድም የጠቆረ የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን ሞቱ?»

«ቀናቸው ደርሶ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«የመላእክት ቤተሰብ አላስተምርም፤ እንደገና ሥሪው» አለችና ወረወረችልኝ። ቬትናማዊቷ ጓደኛዬ ግማሽ ዘሯን አጥቁራ ከፍተኛ ማርክ አግኝታለች። ተቃጠልኩ! በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠናው ዘር እንደሆነ በየትኛው ሩሲያኛዬ ላስረዳት?

የማርኩ ነገር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዚያ የብርድ ወራት፣ ገና በአሥር ሰዓት በሚጨልምበት አገር፣ እኔም የማደሪያችንን ደረጃ መሳት ጀምሬአለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ፖስታ ቤት ሄጄ የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ። እናቴ ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን ቤት ሆና ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ የጋሽ ተስፋዬ ዓይን… አያቴም እንደዚያ ነበሩ?»

በሹክሹክታ፣ «ኧረ አቦ፣ ሰው ቤት እኮ ነው ያለሁት! ለእህትሽ ሽማግሌ ተልኮላታል። አልማዝን ልታስቀሪብኝ ነው?» አለች።

«ማወቅ አለብኝ፣ እማዬ።»

«ነበሩ። ነበሩ እሺ? መድኃኒት አገኙለት?»

«አላገኙለትም።»

«እንግዲያ ስሙን ተምረሽ ምን ታደርጊልኛለሽ?»

የራሴን ነገር ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ብርዱስ እንዴት ነው ልጄ?» አለችኝ።

«ለምጄዋለሁ» አልኳት።