ጥሩዬና የባናው ወንፈል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ የሚወድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ጥሩዬ ገብረአብ ግን ትወደዋለች። «ብርዱ ባይኖር እኛን ማን ይፈልገን ነበር?» ትላለች እየሳቀች። ከፋብሪካዎቹ በስተጀርባ፣ ባጃጆች በሚዞሩበት ጥግ፣ በተከራየቻት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የበግ ፀጉር ባና ይሠራል። ባናው ወፍራም ነው፤ የለበሰውን ሰው የታኅሣሥ ነፋስ እንኳ አያገኘውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም፣ ከጫጫ በሚኒባስ የሚመጣ ገበሬም ይገዛዋል።

ጥሩዬ ተወልዳ ያደገችው ወለጋ ነው። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ጓሮው ቡና የሆነ ቤት እመቤት ነበረች። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ስትጠየቅ «ወጣን» ብላ ታቆማለች፤ የሚያውቋት ሰዎችም ከዚያ ወዲያ አይጠይቋትም። ከባሏ ከአንዳርጌና ከሦስት ልጆቿ ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ነጠላና የወለጋ የቀበሌ መታወቂያዋ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት የሥራ ገበያ የሚባለውን ነገር በእግሯ ቆማ ተማረችው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቀን ሠራተኛ ከሚሰበሰብበት አደባባይ ትደርሳለች። ሥራው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ነው። አሠሪው ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ «በዚህ ዋጋ ማን ይገባል?» ይላል፤ አንዱ እጁን ሲያወጣ ሌላው ከዚያ ዝቅ አድርጎ ይጠራል። ጥሩዬ ይህን ጨረታ ጠላችው። በአገሯ ሰው በበሬ ዋጋ ይከራከራል እንጂ የገዛ ጉልበቱን ዋጋ ቁልቁል አይጠራም። የብር አቅም ወርዶ ዘይቱም ሳሙናውም ሽቅብ ሲወጣ የቀን ሠራተኛው ዋጋ ብቻ ባለበት ቆመ። ፋብሪካ ልትቀጠር ሄዳ ደግሞ «የዚህ ከተማ መታወቂያ አምጪ» ተባለች። የወለጋውን አወጣች። መዝጋቢው ልጅ አገላብጦ አየና በሁለት እጁ መለሰላት። እንደዚያ በአክብሮት መመለሱ ከስድብ ይልቅ አናደዳት።

መላው የመጣው ከእማማ አልታየች ነው። እማማ አልታየች የመንዝ ሰው ናቸው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው በሠፈራ ወደ ወለጋ የወረዱት። ከአርባ ዓመት በኋላ ተፈናቅለው ወደ ደጋ ሲመለሱ በሩን የሚከፍትላቸው ዘመድ አልቆያቸውም፤ ጣታቸው ግን የልጅነት ሥራውን አልረሳም። አንድ ቀን በመጠለያው አጥር ላይ ተሰክቶ የቀረ የበግ ፀጉር ለቃቅመው፣ ከእንጨት ቁራጭ እንዝርት አበጅተው ሲፈትሉ ጥሩዬ አየቻቸው። አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ እስከ ምሳ ሰዓትም አልተነሣችም።

«ያስተምሩኝ እማማ።»

«የቆላ እጅ ፀጉር አይፈትልም» አሏት፤ ምላሳቸው እንደ ልማዱ ስለት ነው።

«እርስዎስ አርባ ዓመት ቆላ አልነበሩ?»

«ምላስሽስ ይፈትላል!» ብለው እንዝርቱን ሰጧት።

በዓመቱ ስምንት ሴቶች ሆኑ፤ ሁሉም የመጠለያው ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴት ለብቻዋ ፀጉሩን አጥባ፣ አበጥራ፣ ፈትላ ለአንድ ባና የሚበቃ ክር ለማውጣት ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል፤ የልጆች ሆድ ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ጥሩዬ ከእርሻ የምታውቀውን ወንፈል አመጣችው። በወለጋ ኦሮሞ ጎረቤቶቿ ዳዶ ይሉታል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ያንቺን በቆሎ ያርማል፣ ነገ የእሷን። እዚህም ስምንቱ ተሰብስበው የአንዷን ክር በሁለት ቀን ይጨርሱታል፤ ሸማኔ ይሸምነዋል፤ ባናው ሲሸጥ ገንዘቡ የባለ ተራዋ ነው። ከዚያ ወደ ሌላዋ ይዞራል። አሠሪ የለም፣ ተቀጣሪም የለም። ኪራዩንም ለስምንት ይካፈሉታል። ንግድ ፈቃዱ ብቻ በጥሩዬ ስም ወጣ፤ አንዳርጌ ዘበኛ ሆኖ በመቀጠሩ የከተማውን መታወቂያ ከሌሎቹ ቀድመው ያገኙት እነሱ ነበሩና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ያልሰማ አበሻ የለም። ሎሚውን ቆጥሮ የሚያከፋፍል ሰው ግን በየቦታው አይገኝም። አንዷ አራስ በሆነች ጊዜ ተራዋ አልተዘለለም፤ ሰባቱ ፈትለው ባናዋን ሸጡና ገንዘቡን ከገንፎው ጋር ቤቷ ወሰዱላት። ይህን ያሰበችው ጥሩዬ ናት፤ ስትመሰገን ግን «ወንፈል እኮ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብላ ትቆጣለች።

እንግዲህ መንግሥትም እንደ ሰው ሁሉ ገንዘብ ይቸግረዋል። መንገዱም የአስተማሪው ደመወዝም ከግብር ነው የሚወጣው፤ ካዝናው ሲሳሳ ዓይን ወደ ትንሹም ሱቅ ይዞራል። ታኅሣሥ ላይ የቀን ገቢ ገማቾች ሰፈሩን ሲያዳርሱ ከጥሩዬ ደጅ ደረሱ። ያን ቀን ስምንቱም ነበሩ። መዝገብ የያዘው ወጣት ኃይለኢየሱስ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ የጫማውን ጭቃ በር ላይ አራግፎ ነው የገባው።

«ስንት ናችሁ?»

«ስምንት ነን። በዚህ ከተማ እንደኛ የሚፈትል ካለ ጥራ!»

«ባና በስንት ቀን ይወጣል?»

«በሁለት ቀን!» አለች ጥሩዬ ደረቷን ነፍታ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሷ የነገረችው ስምንቱ ተባብረው ስለሚያወጡት አንድ ባና ነው፤ እሱ የጻፈው ስምንት ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዷ በሁለት ቀን አንድ ባና ነው። በገበሬ ቤት እንግዳ ፊት ጎተራችን ጎድሏል አይባልም፤ የጥሩዬም ስሕተት ይኸው ነው። ግምቱ ሲደርሳት ግብሩ ከአምናው አምስት እጥፍ ሆኖ አገኘችው። ያ ካልተቀነሰ ክፍሉን ለባለቤቱ አስረክባ ስምንቱም ወደ አደባባዩ ጨረታ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ሄዳ ወንፈሉን ለኃይለኢየሱስ አስረዳችው። ልጁ ከልቡ አዳመጣት። «ገብቶኛል እኅቴ፤ ግን ቅጹ ላይ ወንፈል የሚል ቦታ የለም» አላት። «ሠራተኛ ናቸው ወይም አይደሉም ነው የሚለው። አይደሉም ካልሽ ቅሬታ አስገቢና ምስክር አቅርቢ።»

ከጎኗ ስልክ የሚጠግነው ሳምሶን ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ሳምሶን ግብር ላይ ሊቅ ነኝ ባይ ነው። «ወንፈል ምናምን ብለሽ አታድክሚያቸው» አላት። «ሴቶቹ ይምጡና ሥራ የለንም፣ ተፈናቃይ ነን፣ ለሙቀት ነው እዚያ የምንቀመጠው ይበሉ። በአንድ ቀን ያልቃል።»

ጥሩዬ ነገሩን አልወደደችውም። ሲቸግር ጤፍ ብድር ሆነባትና ግን ሴቶቹን ሰብስባ ቃሉን አስጠናቻቸው። ስድስቱ እሺ አሉ። እማማ አልታየች ብቻ «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሥራ የለኝም ብዬ አላውቅም» ብለው አጉረመረሙ፤ ቆይተው ክፍሏ እንዳትዘጋ ሲሉ ተስማሙ።

በቀጠሮው ቀን ከቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። የመጀመሪያዋ ተነሥታ «ሥራ የለኝም። ተፈናቃይ ነኝ» አለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሰብሳቢው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰሙ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ነገሩ ሳምሶን እንዳለው ቀና ብሎ እየሄደ ነበር። ጥሩዬ ግን በወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። አራስ የነበረችው ሴት ሥራ የለኝም ስትል ጣቶቿን ከነጠላዋ ሥር ደበቀቻቸው፤ ጣቶቿ ከመፍተል ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበርና። ጥሩዬ ይህን አይታ አፈረች፤ እንዲህ ያፈረችበትን ቀን አታስታውስም።

በመጨረሻ እማማ አልታየች ተነሡ።

«ሥራ የለኝም» አሉ፤ ድምፃቸው ከቅርብም በግድ ይሰማል። «ተፈናቃይ ነኝ።»

«አይዞዎት እናቴ» አሉ ሰብሳቢው። «ለመሆኑ እርዳታው በጊዜው ይደርስዎታል?»

እማማ አልታየች፣ ያ ምላስ ያላቸው ሴት፣ እሳቸውም ጣታቸውን ከነጠላቸው ሥር ከተቱ። ጥሩዬ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ውሸት ነው። ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። እኚህ እናት ሥራ አላቸው፤ እኔንም ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰባቱም ሥራ አላቸው።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ሠራተኞችሽ ናቸው ማለት ነው?»

«አብረውኝ የሚሠሩ እንጂ የኔ አይደሉም። ግን ሌላ ቦታ ከሌለ፣ ሥራ የላቸውም ከሚባሉ የኔ ተብለው ይጻፉ።»

«ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ግብሩ አይቀነስም እኮ።»

«አይቀነስ» አለች።

ውጭ ሲወጡ ሲጠብቃቸው የነበረው ሳምሶን ራሱን ይዞ «አበድሽ! በቃ አበድሽ!» ይላል። ሴቶቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። የመጠለያው መታጠፊያ ሲደርሱ እማማ አልታየች ቆም አሉ።

«እስቲ ስሙኝ» አሉ። «ስምንት ነን፣ ስምንት ተራ አለን። መንግሥትም እንደ አንዳችን ይሰለፍ፤ ዘጠነኛው ተራ የሱ ይሁን። ባናውን ፈትለን እንሰጠዋለን። ከኛ የሚለየው ተራው ሲደርስ መጥቶ አለመፍተሉ ብቻ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ዘጠነኛው ባና የመንግሥት ባና ይባላል። ለእያንዳንዷ ተራው ዘግይቶ ደረሰ፤ ኑሮም ጠበቀ፤ በአንዳንድ ሳምንት ሽሮውም ቀጠነ። ጥሩዬ በመንግሥት ተራ ቀን ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች፤ አንድም ቀን ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ የዚህን ተራ ክር አወፍራ አልፈተለችም። ግብሩንም ቀኑ ሳያልፍ ከፈለችው። ክፍሏም አልተዘጋችም። እውነት ከተናገሩ አይቀር ብዙ ባለሕንፃ ይህን ከእሷ ቢማር አይከፋም።

በዓመቱ ኃይለኢየሱስ መዝገቡን ይዞ ተመልሶ መጣ። ዕለቱ የመንግሥት ተራ ነበር። ይህን ሲነግሩት መጀመሪያ ሳቀ፤ የሴቶቹን እጅ ሲያይ ሳቁን ተወ። እማማ አልታየች ማበጠሪያውን አንሥተው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«ባለ ተራ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ አበጥር!»

ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ አበጠረ። ያበጠረውን ጥሩዬ እንደገና ማበጠር ነበረባት፤ ማንም ግን ነውሩን አልነገረውም። ከዚያ እጁን አራግፎ ቅጹን ዘረጋና እማማ አልታየችን ስማቸውን እስከ አያት ጠየቃቸው።

«ሥራስ?»

«ፈታይ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያንን አምና ሥራ የለኝም ያልኩበትን ወረቀት ደግሞ ቅደድልኝ።»

«ሰነድ አይቀደድም እናቴ።»

እማማ አልታየች ጥሩዬን አዩዋት፣ ከዚያም ወደ ልጁ ዞሩ።

«እንግዲያው ከሥሩ ጻፍበት፤ ዋሽታ ነው በል።»