አንድ ድምፅ የጎደለው ጎረቤት

ሲያሌማታ ልጅ ሳለች በትንሿ ደሴት ላይ፣ በቫይሊኪ መንደር ውስጥ ጢስ የማይወጣበት ቤት አልነበረም። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የልጆቹ ጫጫታ ከገደሉ ሥር ከሚጮኸው ማዕበል ይበልጥ ነበር። ኋላ አውሮፕላን መመላለስ ጀመረ፤ ሰዉም አንድ አንድ እያለ ባሕር ማዶ ወዳለው ትልቅ ከተማ፣ ወደ ኦክላንድ ተሻገረ። መጀመሪያ ጎረምሶቹ ሄዱ፤ ቀጥሎም የልጅ ልጅ እናሳድግ ብለው አሮጊቶቹ ተከተሉ። የሲያሌማታም ሦስት ልጆች ሄደዋል። ባሏ ቶፊያ ግን የትም አልሄደም፤ እንደ አገሩ ልማድ ከደጃፏ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ነጭ ቀለም በተቀባ መቃብሩ ውስጥ ተኝቷል። እሱን ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

በእሷ በኩል ካሉት ቤቶች ሲመሽ መብራት የሚበራው በሁለቱ ብቻ ነው፤ በእሷ ቤትና ከሣሩ ሜዳ ማዶ ባለው በኢኪቱሌ ቤት። ኢኪቱሌ አብሮ አደጓ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ እሱም ብቻውን ይኖራል። ዓሣ የቀናው ቀን ግማሹን ይዞላት ይመጣል። ባዶዎቹን ቤቶች ሣር እንዳይውጣቸው ማጨጃውን እየገፋ ሲዞር ይውላል፤ የቶፊያንም መቃብር ዙሪያ አይረሳም። ከዚያ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራላታል። ወሬው አንድ ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ከእሱ በቀር የሰው ድምፅ ሳትሰማ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበር።

ኢኪቱሌ የመንደሩ እንደራሴም ነበር። በአገሩ ደንብ ከአሥራ አራቱ መንደሮች እያንዳንዱ፣ ሰው ቢበዛበትም ቢያንስበትም፣ አንድ ሰው መርጦ ዋና ከተማው አሎፊ ወዳለው ምክር ቤት ይልካል፤ ስድስት ሰዎች ደግሞ በአገሩ ሕዝብ ሁሉ ይመረጣሉ። እነዚህ ሃያ ሰዎች ተሰብስበው ከመካከላቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማሉ። እንግዲህ የቫይሊኪ ሰዎች እፍኝ ባይሞሉም መንግሥት ለማቆምም ለመጣልም ይበቃሉ። ግን ኢኪቱሌን ስንት ዘመን ሙሉ የተፎካከረው ሰው የለም። ተፎካካሪ ከሌለ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም፤ ስሙ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ታሮ የሚሉት እንደ ጎደሬ ያለ ሥራ ሥር ይበላል። ምክር ቤት ገብቶ ያንቀላፋል እያሉ ያሙታል። ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን መንገድ ማዕበል ከናደው ወዲህ ታንኳ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው፤ ስለዚህም ጉዳይ እንደራሴው አንድ ቀን አፉን አልከፈተም።

በዚያ ዓመት ሞኤቱ ከኦክላንድ መጣች። ነርስ ናት፤ የመንደሩ ልጅ ብትሆንም ያደገችው እዚያው ነው። ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር መጥታ የአያቷን ቤት መስኮቶች ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ ለምርጫ ተመዘገበች፤ አንድ ከሰዓት በኋላም የሲያሌማታን በረንዳ ወጣች።

«እማማ፣ ድምፅዎን ልለምን ነው የመጣሁት።»

«አቤት ድፍረት! እዚህ ድምፅ አይለመንም፣ ልጄ። ነውር ነው።»

«ታዲያ እንዴት ይገኛል?»

«ታሮ ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ስለ ምርጫ ትንፍሽ አትዪም። እኛ ይገባናል።»

ሞኤቱ ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲህ ባዶ እጄን መጣሁ፣ ተናገርኩም፤ ሁለት ጥፋት! ግን እማማ፣ ያንን መንገድ ሳላሠራ አልቀመጥም። ልጆቼ ከዚህ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም።»

ልጆቿ በዚያ ሰዓት ከቶፊያ መቃብር አጠገብ ኳስ ያሳድዱ ነበር። ሲያሌማታ የልቧን መልስ ያን ጊዜውኑ ሰጥታለች።

የምርጫው ቀን ግን በመንደሩ አዳራሽ፣ ከጣውላው ግርዶሽ በስተጀርባ፣ እርሳሱን ይዛ ስትቆም እጇ እምቢ አላት። ሃያ ሰባት ሰው በሚመርጥበት መንደር ምስጢር የለም። ወረቀቱ ቢታጠፍ፣ ሳጥኑ ቢቆለፍ፣ ሰዉ በየቤቱ ቁጭ ብሎ ማን ለማን እንደ ሰጠ ይደርስበታል። ኢኪቱሌ ቢያውቅስ? በረንዳው ባዶ ሆኖ ታያት። ከሞኤቱ ስም አጠገብ የነበረውን እርሳስ አንሥታ በኢኪቱሌ ስም ላይ ምልክት አደረገች፤ ወረቀቱንም የሰረቀችው ነገር ይመስል ሳጥኑ ውስጥ ጣለችና ወጣች።

ማታውን ቆጠራው በሕዝብ ፊት ሆነ። አስመራጩ ስሞቹን እየጮኸ አነበበ። ኢኪቱሌ አሥራ ሦስት፣ ሞኤቱ አሥራ አራት። ኢኪቱሌ የልጅቷን እጅ በክብር ጨበጠና ቤቱ ገባ። ሞኤቱ ላቧን እየጠረገች፣

«እሰይ! ለራሴ ባልመርጥ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር!» አለች።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ አሮጊት «ለራሷ?» ብላ አፏን ያዘች። ሌላዋ «ተዪያት፣ ኦክላንድ ነው ያደገችው» አለች።

በማግሥቱ ኢኪቱሌ መጣ። ዓሣም አልያዘ፣ በረንዳውንም አልወጣ፤ ሣሩ ላይ ቆመ።

«ሲያሌ!»

«ግባ እንጂ፣ ምን እንደ ፖሊስ ትገተራለህ?»

«አልገባም። የወንድሜን ቤት ቆጠርኩ፣ የቄሱን ቤት ቆጠርኩ፣ የላፓቲን ቤት ቆጠርኩ። አንድ ሰው ከድቶኛል። አንቺ ነሽ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንተን ነው የመረጥኩት! በቶፊያ መቃብር!»

«ሙት ምስክር አትጥሪብኝ! የልጅቷ ልጆች ሲመጡ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ የማላይ ዕውር መሰልኩሽ?»

ሲያሌማታ ነደዳት። «አንተስ ማንን መረጥክ?»

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው? ልጅቷን ነዋ! ሰው ከድስቱ አስቀድሞ ለራሱ ያወጣል? አባቴ እንደዚያ አላሳደገኝም። እሷም እኔን መርጣ ይሆናል፣ አሳዳጊ እስካላት ድረስ። በዚህ ተካክሰናል። የጎደልሽው አንቺ ነሽ አልኩሽ።»

ሲያሌማታ ትናንት ማታ እሱ ከሄደ በኋላ ሞኤቱ ያለችውን አስታወሰች፤ የጎደለው ድምፅ የልጅቷ የራሷ ነው። ሰውዬው ራሱን በገዛ እጁ ጥሏል፤ ያችን አንዲት ምልክት በራሱ ስም ላይ አድርጓት ቢሆን ኖሮ አሥራ አራቱ የእሱ ነበር። ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ደረሰ። ብትናገረው ነፃ ትወጣለች፤ እሱ ግን ምን ይሆናል? ወሬው ሳይመሽ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ እስኪሞት ድረስ በሄደበት ይሳቅበታል። በዚያ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ያለባት ክስ ባዶ አልነበረም። ልቧ ከድቶታል፤ ያልከዳው እጇ ብቻ ነው፣ እሱም በፍርሃት።

«አዎ» አለች። «ልጅቷን ነው የመረጥኩት።»

ኢኪቱሌ ራሱን ነቀነቀ። «አውቄ ነበር። ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ዓሣው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ዓሣው!» አለ። ፊቱ ሊፈታ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አልተፈታም። ዞሮ በሣሩ ላይ እያነከሰ ሄደ።

ከዚያ ወዲህም ሣሩን ያጭዳል፤ የቶፊያንም መቃብር አልተወም። ደጃፏ ሲደርስ ግን ወደ ባሕሩ ይመለከታል። እሷም ሁለት ስኒ አውጥታ ታስቀምጥና አንዱን መልሳ ታገባዋለች።

ምክር ቤቱ የተከፈተ ዕለት ሲያሌማታ ራዲዮዋን ከፈተች። ሃያዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን መርጠው ሲያበቁ ሞኤቱ ተነሣች፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ባሕሩ መንገድ ጠየቀች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቋረጠችም። ሲያሌማታ ጆሮዋን ስታቀና ያው ድምፅ ከሜዳው ማዶም ሲመጣ ሰማች። ኢኪቱሌም ከፍቶ ያዳምጣል።

የራሷን ዘጋች። በረንዳው ላይ ወጥታ፣ ከማዶ የሚመጣውን ራዲዮ እሱ እስኪዘጋው ድረስ ስትሰማ ቆየች።