ምሰሶው ከተቆረጠ በኋላ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ ባለው ቤታችን፣ ሚስቱ ሞታበት እኛ ዘንድ የተጠጋው አጎቴ አያ ፈንቴ እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት ይነግረኝ ነበር። ቤት ሠሪ ነበር። ያኔ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይጨሳል፤ ጣራው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። እኔ ጀርባዬን ምሰሶው ላይ ጥዬ አዳምጣለሁ።

«አንተ፣ ደግፈኸው ነው ወይስ ደግፎህ?» ይለኛል እየሳቀ።

ደጋግሞ የሚነግረኝ የአንድ ባለጸጋ ተረት ነበር። ሰውየው ልጁን ሲድር፣ መሀል ቤት የቆመው ምሰሶ ለጭፈራ ቦታ ነሣኝ ብሎ ቆረጠው። ቤቱ አልወደቀም። «ይኸው ቆሟል!» እያለ አትቁረጥ ባለው ቤት ሠሪ አላገጠ፤ ሰርገኛውም ጨፍሮ ሄደ።

«ምነው ያኔውኑ አልወደቀም?» አልኩት።

«በጋ ነዋ! የክዳኑ ሣር ደረቅ ነው፣ ቀላል ነው። ግድግዳውንም ማገሩ ዙሪያውን አቅፎ ይዞታል። ክረምት ሲገባ ሣሩ ውሃ ጠጥቶ ከበደ። ጭነት መሬት እስኪደርስ አያርፍም፤ በመሀል መውረጃ ቢያጣ ጣራው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋው ጀመር፤ ቤቱም ዘመመ። ማገር ቢያቅፍ ስንት ቀን ያቅፋል?»

«ወደቀ?»

«መጀመሪያ ጮኸ። ቤት ሳይጮህ አይወድቅም። ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ባላ ያስደገፈው ይተርፋል። ሰውየው ግን ጎረቤት ሲጠይቀው ‹ሸጋ ነው፣ ቆሟል› አለ።» ከዚያ ፍሙን ይቆሰቁሳል።

አምና በበጋ ሚስቴ ይታይሽ ሞተችብኝ። አላለቀስኩም። ጎረቤቱ ዙሪያዬን ከቦኝ ሰነበተ፤ «ጠንካራ ሰው» አሉኝ። ከተዝካሩ በኋላ ሁሉም ወደ እርሻው ሄደ። ዝናቡም መጣ። ሁለት ኩባያ አውጥቼ አንዱን እመልስ ጀመር። አንዳንድ ቀን እሳትም ሳላነድ እውላለሁ።

ጎንደር ፎቅ የሚሠራው ልጄ በየእሑዱ ይደውላል። «አባ፣ እንዴት ነህ?» ሲለኝ፣ «ሸጋ ነኝ» እለው ነበር። አንድ እሑድ ግን ይኸው ቃል አፌ ላይ ደርሶ የባለጸጋው ነገር ትዝ አለኝ።

«ዘምሜያለሁ» አልኩት።

ተረቱን እሱም ከእኔ ሰምቶታል።

«መጣሁ፣ አባ» አለኝ።

ያኔ አያ ፈንቴ ስለ ቤት የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ተረት በየምሽቱ የሚደጋግመው እሱም ዘምሞ ስለነበር መሆኑ አሁን ገባኝ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ፣ «ወደቀ?» ብቻ እለው ነበር።