አልተኛ ያለው እግር

የካቲት አራት ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ የግራጫው ካፖርት ግራ እጅጌ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተይዞ፣ ገበር ሳይገባለት፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቀኝ እጅጌው አልቋል። ኮሌታው አልቋል። የቁልፎቹ ቀዳዳዎች እንኳ አንድ በአንድ በእጅ ተዘምዝመዋል። የግራው እጅጌ ግን ዛሬም በነጩ ክር እንደተያዘ ነው።

ካፖርቱ የተቆረጠው ለልብስ ሰፊው ሴት ልጅ ነበር። ሆዷ እየገፋ ሄዶ አንድም ልብስ አልቆለፍ ቢላት፣ አባቷ አሁን ሆዷን የሚችል፣ ከወለደች በኋላም ጎኑ ተጠብቦ የሚለበስ ካፖርት እሰፋልሻለሁ አላት። ከገበያ ብገዛ ይቀለኛል ብላ ነበር። «የገበያ ልብስ የሚሰፋው ለማንም ነው፤ አንቺ ደግሞ ማንም አይደለሽም» ብሎ ዘጋት።

ሰፈሩ ጋሽ ሚሊ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ጫማ ሰሪው ነው። ሰፊው አንድ ቀን ደንበኛው አዲስ ሱሪውን ለብሶ ከወጣ በኋላ፣ የግራው እግር በሚሊ ሜትር ይረዝማል ብሎ ሮጦ ከመንገድ ሲመልሰው ጫማ ሰሪው አየ። «ሚሊ ሜትር እኮ ዓይን ውስጥ ቢገባ እንኳ አይቆረቁርም» አለው። «አንተማ ዓይንህ ውስጥ ቦት ጫማ ቢገባም አይቆረቁርህም» አለው ሰፊው። ሁለቱ እንዲህ እየተባባሉ አረጁ። ሚስቱ በስሙም በቅጽል ስሙም ጠርታው አታውቅም፤ «አንተ ሰው» ነው የምትለው። እሱም ሲቆጣትም ሲያቆላምጣትም «እሜቴ» ይላታል።

ሕመሙ የጀመረው ሽንት ቤት በመመላለስ ነው። እርጅና ነው ብሎ ናቀው። በኋላ ወገቡን ያመው ጀመር፤ እሱንም ጎንበስ ብሎ መስፋት ያመጣው ነው አለ። ሲመረመር የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ነገሩን ሳያወሳስብ ነበር ያስረዳቸው። በሽታው ከበቀለበት ቦታ ካልወጣ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ወደ አጥንት ከዘለቀ ግን መቅደዱ ሰውየውን ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም። ይህን የሚለየው የአጥንት ምርመራ ነው። ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ መድኃኒቱ አጥንት ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ካሜራው ያነሳዋል። የታመመ ቦታ ካለ ከሌላው ጠቁሮ ይታያል።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ሰማች፤ ገባትም። ከዚያ በኋላ ግን የምትነካው ሁሉ በወፍራም ጨርቅ ላይ የምትነካው መሰላት። ድስት ጣደች፣ አወረደች። ሰው ሰላም ሲላት መለሰች። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ እንባው ግን ሌላ ቤት የሚኖር ይመስል አልመጣም።

ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን ከሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። ቁርስ እንደ ልማዱ ይብላ፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ብረት ነገር አይልበስ አለች። ከመርፌው በኋላ ደግሞ እስከ ማግስቱ ድረስ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አጠገቡ ባይቀመጡ ይመረጣል። ሰፊው ስልኩን ከሚስቱ እጅ ተቀበለ። ልጁ ነፍሰ ጡር መሆኗንና ማታ ማታ ሱቅ እንደምትመጣ ነግሮ፣ «አጠገብ ማለት ስንት ሜትር ነው?» ሲል ጠየቀ። ነርሷ እየሳቀች ሁለት ሜትር ይበቃል አለችው። ስልኩን ዘግቶ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ከመቀመጫው ጀምሮ ለካ፤ የሱቁን ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ አሰመረበት። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር። ሚስቱ ወለሉን የጠረገችው መስመሩን እየዘለለች ነው።

የምርመራ ክፍሉ ሆስፒታሉ ውስጥ ከመሬት በታች ነው። በሩ ወፍራም፣ ቢጫ የጨረር ምልክት የተለጠፈበት፣ ሲዘጋ ድምፅ የሌለው። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳለች፣ የበር ቁልፎች ያጨቀችበት የጋዋኗ ኪስ በአንድ ጥግ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ሰፊው ከፊቷ ይልቅ ያየው ኪሱን ነው። ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጠ። መርማሪዋ ሌላ ብረት እንዳለ ጠይቃው የለም አለ። የጃኬቱን ኮሌታ ለማስተካከል እጇን ብትሰድ ግን ጣቷ ተወጋ። ከኮሌታው ሥር መርፌና ስፒል በሰልፍ ተሰክተው ነበር። ዕድሜ ልኩን እዚያ ስለሚሰካቸው ብረት መሆናቸውን ከረሳ ቆይቷል።

«አባባ፣ እርስዎን ማን ያቅፋል?» አለች ጣቷን እየጠባች።

«እሷን ጠይቂያት» አለ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። «እስካሁን አልሞተችም።»

ሚስቱ መርፌዎቹን እየነቀለች በመሐረብ ቋጠረች። መሳቅ እንደነበረባት ትዝ ያላት በኋላ ነው።

መድኃኒቱ የመጣው በወፍራም የብረት ሽፋን ውስጥ ነው። መርማሪዋ ቀደም ሲል አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ወድቆ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልወደቅኩም አለ። መርፌው ሲገባ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ከዚያ ሂድ፣ ጠጣ፣ ሽና፣ ተመለስ ተባለ፤ መድኃኒቱ አጥንት ላይ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል። መርፌ ለተወጉ ሰዎች በተለየው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ከበሩ ማዶ ሆና የውሃ ጠርሙስ እየሞላች አቀበለችው። የሚቀበላት ትዕዛዝ እንደሚያከብር ተማሪ ነው። መርማሪዋ ባለፈች ቁጥር ግን ኪሱን በዓይኑ ይከተለዋል። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ጋዋን አውልቀሽ ስጪኝ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ዛሬ ሥራው መተኛት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ውጤት ሊወስድ ሲመጣ ይሰፋላታል። «እንግዲህ ቃል ነው» አለ፤ እሷም ቃል ነው አለች።

አልጋው ጠባብና ጠንካራ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ከላይና ከታች ያዙት፤ የላይኛው አፍንጫውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መርማሪዋ ዓይኑን ቢጨፍን እንደሚሻለው፣ ምንም እንደማያመው፣ እስክትነግረው ድረስ ግን ንቅንቅ እንዳይል ነግራው ወጣች። ሚስቱን ከመስታወቱ ጀርባ አስቀመጠቻት። አልጋው የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ግን ይንቀሳቀሳል። በስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች እንደ ካፊያ እየወረዱ ከራስ ቅል ጀምረው ሰው ሠሩ። ትከሻ፣ የጎድን አጥንት፣ ወገብ። ሚስቱ በሕይወቷ ስታየው የኖረችውን ሰው ያለ ሥጋ አየችው፤ ትከሻው ያው ወደ ቀኝ ያዘነበለው ትከሻ ነው።

ጉልበቱ ጋ እስኪደርስ ደህና ነበር። ከዚያ የግራው እግር ጥርት ብሎ ሲወጣ የቀኙ ተድበሰበሰ፤ እርጥብ ቀለም ላይ እጅ የተጎተተበት መሰለ። መርማሪዋ በማይክሮፎን እግሩን እንዳያንቀሳቅስ ለመነችው።

«አላንቀሳቀስኩም» አለ።

ውሸቱን አይደለም። በርዶት ይሆናል ብላ ብርድ ልብስ ደረበችለት። እግሮቹን አጋጥማ በሰፊ ማሰሪያ አሰረች። እንደገና ሲነሳ ከማሰሪያው ውስጥም ቢሆን ያው ሆነ። ተረከዙ ከፍ ጣቱ ዝቅ፣ ጣቱ ከፍ ተረከዙ ዝቅ። የነርቭ በሽታ አለበት እንዴ ብላ ሚስቱን ጠየቀቻት።

ሚስቱ ያንን እግር ታውቀዋለች። ሰውየው ሲነቃ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሲተኛ ደግሞ አንሶላውን። ከተጋቡ ጀምሮ እግሩ ሲተኛ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ነስቷት ነበር፤ በኋላ ካለሱ እንቅልፍ እንቢ የሚላት ሆነች። እህቷ ቤት ያደረች ቀን ሌሊቱን ስትገላበጥ ታነጋለች።

«ልግባ?» አለች። መርማሪዋ ፈቀደችላት።

ከአልጋው ግርጌ ቆመች። ያኔ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ሰፊው ወደ እሷ እያየ ሲሰፋ መርፌው የሌባ ጣቱን ከነጥፍሩ በስቶት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያንጎላጅ ወይም ወሬ ሲይዘው ባየች ቁጥር አንዲት ቃል ትጥላለች፤ እሱ ከመስማቱ በፊት እግሩ ይሰማታል።

«ጣትህን» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

እግሩ ቀጥ አለ። ሰፊው ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ ሊል ሲል ከንፈሩን ያዘው፤ ንቅንቅ አትበል ተብሏል። ምስሉ ከዚያ በኋላ ባንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ወጣ፣ እስከ ጣቶቹ አጥንት ድረስ። መርማሪዋ ምን እንዳለችው ብትጠይቃት፣ የሱቅ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

ስክሪኑ ላይ ግን ወገቡ ላይ ዝቅ ብሎ፣ በስተግራም ዳሌው ላይ፣ ጠቆር ያሉ ቦታዎች ነበሩ። ሚስቱ እድፍ ነው ወይ አለች። መርማሪዋ ሐኪሙ ያስረዳችኋል አለች እንጂ አላያቻትም። ሚስቱ ያንን ፊት ታውቀዋለች። ባሏ ጨርቅ አሳጥሮ ቆርጦ፣ ባለቤቱ ከፊቱ ቆሞ ሲጠብቅ የሚያሳየው ፊት ነው።

ማታ ልጅቱ ከሥራ ስትመለስ ሱቅ ገባች፤ ከጠመኔው መስመር ማዶ ቆመች። ምን አሉህ አባዬ አለችው።

«ዝም ብለህ ተኛ አሉኝ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የሰጠኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ስቃ ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ፤ ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው አለች። ውጤቱ አልወጣም አላት። ሚስቱ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ነበርና ዝም ለማለት ምክንያት አላጣችም። የግራውን እጅጌ ልኬት እሷ እንድታይለት አድርጎ፣ እሱ ከመስመሩ ወዲህ ተቀምጦ ያዛል። ወደ ኋላ፣ ትንሽ ከፍ፣ ኧረ በዛ። «እሜቴ፣ ትከሻ ነው እንጂ ጆንያ እኮ አይደለም» ይላታል። ልጅቱ ክንዷን ዘርግታ ቆማ፣ ነገ አንተው ብትለካኝስ አለችው። ነገ እለካሻለሁ አላት። ካፖርቱ ወደ ምስማሩ ተመለሰ።

በማግስቱ ወገቡ ከአልጋ አላስነሳው አለ። ጎንበስ ማለት የማይችል ሰፊ ምን ይሠራል? ልጅቱ መስመሩን ተሻግራ፣ ከሱቁ ኋላ ባለው መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ እጅጌው ግን ማንም አላነሳም። መስመሩን ማንም አላጠፋውም።

ውጤቱን ለመስማት ሲሄዱ በሁለት እግሩ ነው የሄደው፤ ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። ሐኪሙ ምስሉን ከመብራቱ ፊት አስቀምጦ በእስክሪብቶ አሳያቸው። በሽታው አከርካሪውና ዳሌው አጥንት ላይ ደርሷል። ቀዶ ሕክምናው አይደረግም። ሕመሙን የሚያበርድ፣ በሽታውን የሚያዘገይ መርፌና ክኒን ይሰጠዋል። ሰፊው ከጠየቀው ውስጥ ሚስቱ የምታስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ እጅ ያንቀጠቅጣል ወይ አለ። አያንቀጠቅጥም ተባለ። ጥሩ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ቀብሩ ድረስ ከቤት አልወጣም። ስለዚህ የዚያን ቀኑ ነገር የመጨረሻ ነው።

ከሐኪሙ ክፍል እንደወጡ ሚስቱ ወደ በሩ ስትስበው እሱ ወደ ደረጃው ሳባት፣ ወደ ታች። መርማሪዋን አስጠራ። ስታየው ጋዋኗን ሳትጠየቅ አወለቀች፤ ኪሱ እንደተንጠልጠለ ነው። ሰፊው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ፤ ከኮሌታው ሥር መርፌ ነቀለ፣ ከደረት ኪሱም በካርቶን ላይ የተጠቀለለ ነጭ ክር አወጣ። ክሩን ያዘጋጀው ጠዋት ነው፣ ገና ምንም ሳይነገረው።

«አንተ ሰው፣ እንሂድ» አለች ሚስቱ።

«ቃል ገብቻለሁ እኮ እሜቴ። ይኼ የሚያልቅ ነገር ነው።»

ዓይኑን አጥብቦ ክሩን አስገባ። የተገነጠለውን ጥግ አጥፎ በትንንሽ ስፌት ያዘው፤ ሌላውንም ጥግ፣ ደህናውን፣ አብሮ አጠናከረው። መርማሪዋ በሹራብ ብቻ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች። ሰው በጎናቸው ያልፋል። ሚስቱ ወለሉን ስታይ የባሏን ቀኝ ጫማ አየች። ፔዳል የለም፣ መኪና የለም፤ እግሩ ግን ተረከዙ ከፍ ጣቱ ዝቅ፣ ጣቱ ከፍ ተረከዙ ዝቅ ይላል። ቃሏ አፏ ድረስ መጥታ ነበር። አላወጣቻትም። እግሩን እያየች ቆመች።

ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ኪሱን በመዳፉ አስተካክሎ ጋዋኑን ሰጣት። ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ እንድታንጠለጥል፣ ኪስ የተሠራው ለእጅ እንደሆነ ነገራት። መርማሪዋ እጇን ከተተችበት። ሰፊው መርፌውን ወደ ኮሌታው መልሶ ሰካና ክንዱን ለሚስቱ ዘረጋ።