ሲሃም ያላየችው አማን

ሲሃም አብዱልመሊክ ከዮርዳኖስ ስትመለስ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ጋሼ አብዱልመሊክ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው መቱ ገበያ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እሷም ተወልዳ ያደገችው ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ በጽሕፈት ሥራ ሰርተፍኬት ይዛ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ስታጣ በ2004 ዓ.ም. ወደ ዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ሄደች። ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ሠራች።

በ2011 ስትመለስ ወንድሟ ረድዋን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተቀበላት። መንገዱን ሙሉ ስለ ቡናውና ስለ ዝናቡ ብቻ ሲያወራላት ነበር። በደሌ አድረው በማግሥቱ መቱ ሲገቡ ቤታቸው በር ላይ ሴቶች ተሰብስበው አየች። እናቷ ከሞቱ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸው ነበር። "ሰው ቤት ሆና ምን ታደርጋለች፣ ብቻዋን ትጎዳለች" ብለው ነው የደበቋት። በስልክ ስትጠይቅ አንድ ቀን "ተኝታለች"፣ ሌላ ቀን "ጎሬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች" ይሏት ነበር።

ሲሃም አላለቀሰችም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሻንጣዋን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ "ውሃ አለ?" ብላ ጠየቀች። ጎረቤቶች "ደንግጣ ነው፣ ነገ ይወጣላታል" አሉ። ነገም አላለቀሰችም፤ ከነገ ወዲያም።

እኔ ያወቅኋት ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ አያያዝ የማስተምርበት የግል የቢዝነስ ኮሌጅ በጸሐፊነት ቀጠራት። ሁለት ሰዓት ተኩል ከመሆኑ በፊት ትገባለች፣ የታዘዘችውን ትጽፋለች፣ ሻይ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቆማ ውጭውን ታያለች። ክፉ አትናገርም፣ አትስቅምም። ለሁሉም ነገር መልሷ "እሺ" ነው።

የኮሌጁ ዲን ጋሼ አብደታ በ2012 መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው አንድ ኮሌጅ ዓለም አቀፍ ሳምንት ሲያከብር አይተው ተመለሱ። የየአገሩ ባንዲራ፣ የውጭ አገር መምህራን፣ ንግግር፣ ጉብኝት። "እኛስ ምን ይጎድለናል?" አሉን በስብሰባ ላይ። የሚጎድለንን ብዙ ነገር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። እሳቸው ግን ዕድል ቀናቸው። ስለ ቡና ንግድ የምታጠና ዶክተር ናዲን የምትባል የአማን መምህርት ያዮ ጫካ ልትመጣ መሆኑን ሰሙ፤ ጻፉላት፤ እሺ አለች። በቅርባችን ካለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ህንዳዊ መምህር ተገኘ። ሁለት የውጭ ሰው ካለ ዓለም አቀፍ ነው ተባለ።

በማግሥቱ ሲሃምን ጠሯት። እኔም ለፊርማ ገብቼ ነበር።

"ኮቱ፣ ሲሃም፣ ነይ ግቢ። የሳምንቱ አስተባባሪ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ጸሐፊ አትበይ። በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ውጭ አገር ሰባት ዓመት የኖረ ማን አለ? እኔ ናይሮቢ አራት ቀን ነው የቆየሁት። አንቺ እኮ ዓለም አቀፍ ሰው ነሽ!"

"እሺ" አለች።

ሥራውን ያዘችው። ለአሥራ ሁለት አገሮች ባንዲራ የሚሆን ጨርቅ ከአባቷ ሱቅ አስመጣች። ልብስ ሰፊው የዮርዳኖስን ባንዲራ ሲጀምር "ኮከቡ ስንት ጫፍ ነው ያለው?" ብሎ ጠየቃት። አላወቀችም። ስልኳን ከፍታ ቆጠረችና "ሰባት" አለችው። ለእንግዶቹ የተያዘውን ሆቴል ሄዳ አየች፤ አንሶላውን አስቀይራ አልጋውን ራሷ አነጠፈች፤ ፎጣውን አጣጥፋ ጥግ ለጥግ አስተካከለች። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ወለተ ማርያም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። "ልጄ፣ ይህን የት ተማርሽው?" አሏት። "ሥራ ቦታ" አለች። ውሃ ቢጠፋ በርሜል፣ መብራት ቢጠፋ ጄነሬተር አዘጋጀች። መርሐ ግብሩን ከሰኞ እስከ ዓርብ በሰዓት ከፋፍላ በየበሩ ለጠፈች። ስህተት ፈልጌ አጣሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ መኪናዋ በሁሩሙ በኩል ደረሰች። ዶክተር ናዲን አቧራ የጠጣ ነጠላ ጫማ አድርጋ ወረደች፤ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ሲሃም በዓረብኛ ሰላም ስትላት አፏን ከፍታ ቀረች። የተባባሉትን በኋላ ሲሃም ነግራኛለች።

"የአማን ሰው እኮ ነው የምትመስይው! የት ሰፈር ነበርሽ?"

"አብዱን።"

"አብዱን? የእናቴ ቤት እዚያ ነው! ድልድዩንማ ታውቂዋለሽ። ማታ ማታ እዚያ ላይ አልሄድሽም?"

"አላውቀውም።"

"ሰባት ዓመት አብዱን ኖረሽ ድልድዩን አታውቂውም?"

ሴትየዋ እየሳቀች ነበር የጠየቀችው። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። ገባት። ሻንጣዋን ልትቀበላት እጇን የዘረጋችውን ሲሃምን "ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ" አለቻት።

ምሳ ላይ ሲሃም አንገቷ ላይ "አስተባባሪ" የሚል ባጅ አንጠልጥላ ከእንግዳዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሼ አብደታ ስለ ኮሌጁ ታሪክ እየተናገሩ ነው። ዶክተር ናዲን ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን ትንሽ ገፋ አደረገችው። ሲሃም ብድግ አለች። ብርጭቆውን አነሣች፣ የዲኑን ሳህን አነሣች፣ የእኔንም ደራርባ ወደ ወጥ ቤት ይዛው ሄደች። አስተናጋጇ ደንግጣ ተከተለቻት። ዶክተር ናዲን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ቀረች። ሲሃም ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ማታ ስንወጣ "ለምን ተነሣሽ?" አልኋት።

"ተነሣሁ እንዴ?" አለችኝ። የምሯን ነው።

ረቡዕ ያዮ ሄድን። ጫካው ውስጥ የቀላ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ነበሩ። ሰቦቃ የሚባሉ አንድ አዛውንት ስለ ለቀማው በአፋን ኦሮሞ ሲያስረዱ፣ ሲሃም ቀጥታ ወደ ዓረብኛ ትመልሰው ነበር። መካከል ላይ አማርኛም እንግሊዝኛም አልነበረም። እኛ መምህራኑ ዳር ቆመን የሚባለውን ግማሹን ብቻ እየሰማን ዋልን። አዛውንቱ "ቡናችንን እናንተ አገር እንዴት ነው የምትጠጡት?" አሉ። እንግዳዋ ስለ ሄል፣ ስለ ትንንሽ ስኒዎች፣ ስለ ሠርግና ለቅሶ ብዙ ነገረቻቸው። ሲሃም አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። ከራሷ ምንም አልጨመረችም።

ሐሙስ በአዳራሽ ውስጥ "የውጭ አገር የሥራ ልምድ" የሚል ሰዓት ነበር። ተናጋሪዋ ራሷ ሲሃም እንድትሆን ያዘዙት ዲኑ ናቸው። ሦስት መቶ የሚሆን ተማሪ ተቀምጧል። ዳናዊት የምትባል የማርኬቲንግ ተማሪ ማይኩን ይዛ "ለሰባት ዓመታት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰፊ ዓለም አቀፍ ልምድ ያካበተችው" ብላ አስተዋወቀቻት። ተጨበጨበ።

ሲሃም ወረቀት አልያዘችም። ለዲኑ ደብዳቤ ስታነብ በምትናገርበት ድምፅ ጀመረች።

"አማንን አላየሁትም። ያየሁት አውሮፕላን ጣቢያውን ነው፣ ስገባና ስወጣ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነበር። ልብስ ሳሰጣ ከበረንዳው አንድ መንገድ ይታየኛል። በዚያ መንገድ ላይ የጋዝ መኪና ሙዚቃ እያሰማ ያልፋል።"

ተማሪዎቹ ሳቁ።

"እውነቴን ነው፣ እዚያ ጋዝ የሚሸጠው በሙዚቃ ነው። ስሜን ሳራ አሉኝ፣ የማዳም እህት ሲሃም ስለምትባል። የምንከባከባት የማዳም እናት ነበረች፣ አሮጊት ናት፣ አትነሣም። ዓረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያልገባኝን ቃል ሦስት ጊዜ ትጮህብኛለች፤ በአራተኛው እይዘዋለሁ።"

እንደገና ሳቁ። እሷ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"በስድስተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። አልነገሩኝም። ስመለስ ቀኑን ጠይቄ፣ ያን ቀን ምን እየሠራሁ እንደነበር ለማወቅ ቆጠርኩ። ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መጋረጃ ይታጠባል። ስለዚህ መጋረጃ እያጠብኩ ነበር ማለት ነው። ሌላ የማውቀው የለም። ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ።"

ዶክተር ናዲን አማርኛ ስለማትሰማ ወደ እኔ ዞር ብላ "ምን አለች? ለምን አያጨበጭቡም?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እኔ "ስለ ሥራዋ ነው የተናገረችው" አልኋት። ከዚያ በላይ አልነገርኋትም። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገርኋት አላውቅም።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ኡርጌ ትባላለች፣ ከዳሪሙ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ናት፤ ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው።

"እትዬ ሲሃም፣ ለመሄድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

ሲሃም አየቻት። "ሦስት ወር" አለች።

"ባዬ ጋሪዳ! በጣም ጥሩ!" እያሉ ጋሼ አብደታ ቀድመው አጨበጨቡ፤ ሌላውም ተከተለ።

ዓርብ እንግዳዋ ስትሄድ ሲሃምን አቅፋ ብዙ ቆየች። "ለሠራሽበት ቤት ሰላምታ ላድርስልሽ?" አለቻት። ሲሃም "አያስፈልግም" አለች። መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ ባንዲራዎቹን አውርዳ አጣጥፋ ካርቶን ውስጥ ከተተች።

ሰኞ ጠዋት ኡርጌ ቢሮዋ መጣች። ከዳሪሙ አንዲት ዘመዷ መንገድ አግኝታላታለች፤ ትምህርቷን ልታቆም ነው። ሲሃም ስትጮህ የሰማናት ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፅዋ መምህራን ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር።

"ተቀመጪ! ተቀመጪና ተማሪ! የሒሳብ ደብተር ይዘሽ ሰው ቤት ምን ልትጠርጊ ነው የምትሄጂው?"

ኡርጌ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ለጊዜው ያስቀራት በሽታው ነው፤ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና መንገዱም ኮሌጁም ተዘጋ። ኮሌጁ ሲከፈት ኡርጌ ተመልሳ ተመዘገበች፤ ዓላማዋ ግን ያው ነበር። ያኔ ሲሃም ቅዳሜ ቅዳሜ ዓረብኛ ታስተምራት ጀመር። ብርድ ልብስ፣ ምጣድ፣ አሞኛል፣ እረፍቴ ነው፣ ፓስፖርቴን ስጡኝ። አንድ ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸውና ተናደድሁ።

"ቅሪ በያት እንጂ ለምን ታስተምሪያታለሽ?" አልኋት ለብቻዋ።

"ብያታለሁ፣ አልሰማችም" አለች። "ካልሰማች ቋንቋ ይዛ ትሂድ።"

ኡርጌ በ2014 ስትነሣ ሲሃም ከሥራ አንድ ቀን አስፈቅዳ ዳሪሙ ሄደች። መኪና እስከሚደርስበት ሄዳ የቀረውን በእግሯ ተጓዘች። የኡርጌን አባትና እናት፣ አጎቶቿንም ጭምር አንድ ላይ አስቀምጣ "ክፉም ይሁን ደግ፣ ቤት የሆነውን በዕለቱ ንገሯት" አለቻቸው። አባትየው "ሰው አገር ብቻዋን ሆና እንዴት እናስደነግጣታለን?" ብለው ተከራከሩ። ሲሃም እስኪምሉላት ድረስ አልነሣም አለች። ማሉላት። ይህን የነገረችኝ እሷ ሳትሆን ዳናዊት ናት፤ አብራት ሄዳ ነበር።

ሌላ ዓለም አቀፍ ሳምንት አላከበርንም። ጋሼ አብደታ በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡታል፤ መንገዱ አንዴ ሰላም ይሆናል አንዴ አይሆንም፣ እንግዳ የሚመጣ የለም። ተማሪውም እየቀነሰ ሄዶ ኮሌጁ ሁለቱን ፎቅ አከራየ። ሲሃም ሁሩሙ አንድ ቢሮ ተቀጥራ ወጣች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። አላገባችም። ኡርጌ አማን ናት፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፣ ሲሃምም የትም ብትሆን ታነሣላታለች።

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ሁሩሙ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ለእንግዳዋ ስላልተረጎምሁት ነገር ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ነገርኋትም። በመስኮቱ እያየች ሰማችኝ።

"ብትነግራት ምን ታደርግ ነበር?" አለችኝ።

ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን፤ ዘንድሮ ዘግይቷል። ሁሩሙ ስንደርስ "በል ደህና ዋል" ብላኝ ወረደች።