እትዬ አልጋነሽ እንዳይሰሙ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአባቴን ዕቃ ሶኬት ላይ ሰክቼ ስከፍተው የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። የሃያ ዓመት አቧራ ሲግል ደስ የሚል ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እኔ ግን አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ቤታችን ውስጥ ስሙ «የጅዳው» ነበር። አባቴ ይመር ጅዳ በሾፌርነት ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲገባ፣ እሱ ይዞ የመጣው ይህንን ፊቱ ብር የመሰለ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ካሴት ማጫወቻና ሁለት ትልልቅ ስፒከር የሚገናኙበት ከባድ ዕቃ ነበር። ሪሲቨር ነው የሚባለው፣ የዛሬ ልጆች ግን ሪሲቨር ሲባሉ የዲሽ ይመስላቸዋል። የቅርቡ ጦርነት ከተማችን ሐይቅ የገባ ጊዜ ቤታችንን የበረበሩት ሰዎች ቴሌቪዥኑን ወስደው እሱን የተዉት፣ እንደሚመስለኝ ክብደቱ አስመርሯቸው ነው።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ፣ አንድ ቆርቆሮ ከጎደለው አጥር ማዶ፣ እትዬ አልጋነሽ ከአንድ ልጃቸው ከደሳለኝ ጋር ይኖሩ ነበር። አባቴ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ደሳለኝ በዚያች በጎደለችው ቆርቆሮ ሾልኮ ይመጣና ሁለቱ የጅዳው ፊት ቁጭ ይላሉ። ደሳለኝ አምባሰል ይከፈት ይላል፣ አባቴ ባቲ ካልሆነ ይላል፤ «አምባሰል ካማረህማ እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ አጎትህ ዘንድ ሂድ» ብሎ ያሾፍበትና መጨረሻ ላይ የሚከፍተው ግን ያንኑ የልጁን ዘፈን ነው። ስፒከሮቹ መስኮቱን ያንቀጠቅጡታል፤ እትዬ አልጋነሽ ከማዶ ሆነው ቀንሱልኝ ብለው አያውቁም።

በድንበሩ ጦርነት ደሳለኝ ዘመተ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ መርዶው መጣ። በእኛ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ካለ ቴፕ አይከፈትም፤ እስላም ክርስቲያን የለውም፣ ሰርግ እንኳ ቢኖር ከበሮው ድምፁን አጥፍቶ ነው። አባቴ ማንም ሳይነግረው የስፒከሮቹን ሽቦ ነቀለ። አራት ወር ያህል ቻለ። ከዚያ ከሣጥን ሥር፣ ከጅዳ ካመጣው ጀምሮ ያልነካውን ትልቅ ማዳመጫ አወጣና ትንሽ ጣት የሚያህለውን መሰኪያ ከዕቃው ፊት ካለው ቀዳዳ ከተተው። እትዬ አልጋነሽ እንዳይሰሙ ነበር ይህ ሁሉ። ችግሩ አባቴ ጆሮውን ሲደፍን የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሳያውቀው አብሮ ያንጎራጉራል፤ ስለዚህ መፋቂያ በጥርሱ ነክሶ ማዳመጥ ጀመረ። ያዳምጥ የነበረው ባቲ አልነበረም። የደሳለኝን ካሴት ነበር፤ እንባው በጉንጩ ወርዶ የማዳመጫው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እኔ የዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ ጁምዓ አባቴ መስጊድ ሳለ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አደረግሁት። ከባድ ነበር፣ አንገቴን በእጄ መደገፍ ነበረብኝ፤ ግን ክራሩ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ሳይሆን ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ያለ መሰለኝ። መፋቂያ መንከስ ትዝም አላለኝ። ስንት ስንኝ እንደዘፈንኩ አላውቅም። ቀና ስል እናቴ በር ላይ ቆማ አፏ ይከፈታል ይዘጋል፣ እኔ ግን የምሰማው ዘፈኑን ብቻ ነው። ለካስ በዚያች ሰዓት የእትዬ አልጋነሽ ዘመዶች ዘግይተው ሰምተው ከውጫሌ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ከአጥሩ ማዶ ግቢው ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ዘመዶቹን ይዞ የመጣው ወንድማቸው በራችን ድረስ መጥቶ «የሰው ሐዘን ላይ ትዘፍናላችሁ?» ብሎ ተመለሰ።

አባቴ ሲመለስ አልገረፈኝም። ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደና «እኔ ነኝ የከፈትኩላት፣ ልጅቷ ምን ታውቃለች» አለ። እትዬ አልጋነሽ አንገታቸውን ደፍተው «ምንም አይደል» አሉ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጅዳውን በነጠላ ሸፍኖ ተወው። በበዓል ቡና መጠራራቱ፣ ሲታመሙ መጠያየቁ አልቀረም፤ ግን ጁምዓ ከሰዓት ቤታችን ይከብደኝ ነበር። ያንን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት፣ ደሳለኝ ከቀረበት ድንበር ማዶ ካለው አገር ጋር ዕርቅ ወረደ። ባጃጆቹ ባንዲራ ሰቅለው አስፋልቱን አጥለቀለቁት፣ ከየቤቱ ዘፈን ተለቀቀ። አባቴ፣ ያኔ አርጅቷል፣ የጅዳው ፊት ቆሞ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። በመስኮት ሲያይ እትዬ አልጋነሽ ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ምስር ይለቅማሉ። «ዛሬማ ወላሂ የበለጠ ያማቸዋል» አለና መልሶ ሸፈነው።

ሌላው ጦርነት እኛው ደጅ ሲደርስ የአባቴ የስኳር መድኃኒት አለቀ፣ መንገዱም ተዘጋ። አምስት ሰው ቀበረው። ድንኳን አልተጣለ፣ እናቴ ቀድማው አርፋለች፣ ጎረቤቱ ሸሽቷል፤ እትዬ አልጋነሽ ብቻ በጎደለችው ቆርቆሮ ገብተው ሦስት ቀን አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ አሉኝ።

«ዘይነብዬ፣ ያኔ የዘፈንሽው የልጄን ዘፈን ነበር። ወንድሜ ተቆጣ እንጂ እኔስ ትቀጥላለች ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየጁምዓው አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ፣ ይመር አንድ ቀን ይከፍተዋል እያልኩ።»

ምነው ታዲያ ሳይነግሩን ቀሩ ብላቸው፣ «ሐዘንተኛ ሴት ዘፈን ክፈቱልኝ ትላለች? ሰው ምን ይለኛል» አሉ። አባቴ ይህን ሳይሰማ፣ ሊነግሩኝ ሦስት ቀን ሲቀር ሞተ። አንጀቴ አርሮ ያለቀስኩት የተቀበረ ዕለት አይደለም፣ ያን ቀን ነው።

ወዲያው ልከፍትላቸው አልቻልኩም፣ ከተማው ለወራት መብራት አልነበረውም። እሳቸውም ደሴ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ከርመው ዘንድሮ ሲመለሱ ጆሯቸው ደክሞ ነው የመጡት፤ ጮኼ ስናገር ፈገግ ይሉና የእጄን ምልክት ይጠብቃሉ። ስልኬን ጆሯቸው ላይ ብይዝላቸው ዘፈኑ አልተሰማቸውም። ያን ትልቅ ማዳመጫ መሰኪያውን በሚያሳንስ ማገናኛ በስልክ ብሞክረው ደግሞ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው፤ ለሱ ጉልበት የሚሰጠው የጅዳው ብቻ ነው ብዬ ነው ዛሬ ነጠላውን ያነሳሁት።

ካሴቱ ስለጠፋ ስልኩን ከዕቃው ጋር በሽቦ አገናኝቼ የደሳለኝን ዘፈን ከስልኩ ላይ አገኘሁ። እትዬ አልጋነሽን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሻሻቸውን ገለጥ አድርጌ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ድምፁን እስከ ግማሽ ከፈትኩ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ጨመርኩ። በሩ ጋ ብቆም እንኳ ክራሩ ከማዳመጫው አፈትልኮ ይሰማኛል። እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

«አልከፈትሽውም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ያልበራውን አምፖል በእጄ አሳየኋቸው፣ መብራት ሄደ ማለቴ ነው።

«ይመጣል፣ እንጠብቃለን» አሉና ማዳመጫውን ሳያወልቁ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔም ዘፈኑ እስኪያልቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።